የሱፍ ሥራ አዳራሽን ወደ ሙዚየም ስለ መለወጥ፦ ከሕንፃው በፊት የሠራተኛው ዕውቀት ይመዝገብ

የበሬሳ ዳር፦

የተከበራችሁ የዚህ መድረክ ተሳታፊዎች፣

የደብረ ብርሃን ስም ሲነሣ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ብርድንና ብርድ ልብስን ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በተቀመጠች፣ በጥቅምትና በኅዳር ውርጩ ሜዳውን አንጥፎ በሚያድርባት ከተማ፣ የሱፍ ሥራ ሥር መስደዱ የሚያስደንቅ አይደለም። ይሁን እንጂ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ በፋብሪካ ውስጥ ሱፍ ሲያበጥሩ፣ ሲፈትሉና ሲሸምኑ የኖሩት ሰዎች ታሪክ በአብዛኛው የሚገኘው በየቤቱ በተበተነ ፎቶግራፍና በአረጋውያኑ ትዝታ ውስጥ ነው። እኔና ጥቂት ወዳጆቼ ለረጅም ጊዜ ስንነጋገርበት የቆየነውን ሐሳብ ዛሬ ለእናንተ አቀርባለሁ፤ ይኸውም በሰሜን ሸዋ ካሉት አሮጌ የሥራ አዳራሾች መካከል አንዱ፣ ማሽኖቹ ከነቦታቸው ተጠብቀው፣ የሱፍ ሥራ ሙዚየም ይሁን የሚል ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በእንግሊዝ አገር ደርቢ በምትባል ከተማ ስለተከናወነ ተመሳሳይ ሥራ ያነበብኩት ነው። በዚያ በደርወንት ወንዝ ዳር የሚገኘው የሐር መፍተያ ፋብሪካ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1721 ገደማ የተሠራ ሲሆን፣ በወንዝ ኃይል የሚዞሩ ማሽኖችንና ብዙ ሠራተኞችን በአንድ ጣሪያ ሥር በማሰባሰቡ ከዘመናዊ ፋብሪካዎች ቀዳሚዎች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። የማሽኑን ምስጢር ከጣሊያን ይዞ የተመለሰው ጆን ሎምብ ሲሆን፣ ወንድሙ ቶማስ ደግሞ በ1718 ለ14 ዓመት የሚጸና የፈጠራ መብት አገኘበት። ሕንፃው በ1910 በተነሣ እሳት በአብዛኛው ወድሞ እንደገና የተሠራ ነው፤ ከጥንቱ የተረፈው የመሠረቱ ቅስቶችና ማማው ናቸው። በ1974 የከተማው የኢንዱስትሪ ሙዚየም ሆነ፣ በ2011 ተዘጋ፣ ወደ 18 ሚሊዮን ፓውንድ ከወጣበት በኋላም በ2021 እንደ አዲስ ተከፈተ።

የገንዘቡ መጠን ለእኛ የሚያስፈራ መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔን የሳበኝ ግን ገንዘቡ አይደለም። ሙዚየሙ ተዘግቶ በቆየባቸው ዓመታት የከተማው ነዋሪ ተጠርቶ፣ ከአናጺውና ከብረት ሠራተኛው ጎን ቆሞ የዕቃ መደርደሪያውንና መቀመጫውን አብሮ ሠርቷል፤ የትኛው ዕቃ የት ቢቀመጥ እንደሚሻልም አብሮ ሞክሯል። ሌላው ደግሞ 30,000 የሚያህለው የሙዚየሙ ዕቃ በጨለማ መጋዘን እንዳይቆለፍ ተደርጎ ለተመልካች ዓይን መቅረቡ ነው። የተደረደረውም በዘመን ቅደም ተከተል ሳይሆን በተሠራበት ነገር ነው፤ እንጨት ከእንጨት፣ ብረት ከብረት፣ ጨርቅም ከጨርቅ ጋር። ዕድሜውን ሙሉ እንጨት ሲጠርብ የኖረ ሰው ገብቶ የሙያውን ዕቃ ያለ አስጎብኚ ያገኛል ማለት ነው። ይህ ለአንባቢ ብቻ ሳይሆን ለባለሙያም የታሰበ አደራደር በመሆኑ እጅግ ወድጄዋለሁ።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። በአገራችን እንዲህ ያለ ሥራ ሲታሰብ አስቀድሞ የሚጠራው የሕንፃ ባለሙያ ነው፤ ግድግዳ ይቀባል፣ ወለል ይነጠፋል፣ በመጨረሻም የሚቀመጠው ዕቃ ይፈለጋል። እኔ የምለው ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ ነው። አዳራሹ አሥር ዓመት ቢጠብቅ ጣሪያው ሊያፈስ ይችላል፤ ያም ይጠገናል። ማሽኑን በጆሮው ብቻ የሚያውቀው የሰባ ዓመት ጡረተኛ ግን አሥር ዓመት ላይጠብቀን ይችላል። ስለዚህ አንድ ብር ለሲሚንቶ ከመውጣቱ በፊት የእነዚህ ሰዎች ቃል በድምፅና በምስል ይቀረጽ፤ ማሽኖቹ በእነሱ አፍ ስም በስም ይመዝገቡ፤ ሕንፃው የሚታደስበት አኳኋንም ከዚያ ይቀዳ። የምትስማሙበትንም የምትቃወሙበትንም ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

ጣርማ በር፦

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። በሕንፃ ሥራ የምተዳደር ሰው እንደመሆኔ ትችትዎ በከፊል እኔንም ይመለከታል፤ እውነትም አለው። ሆኖም ሕንፃው አሥር ዓመት ይጠብቃል የሚለውን እንዲህ በቀላሉ አልቀበለውም። የክረምት ውሃ በአንድ የተነቀለ ቆርቆሮ በኩል ገብቶ የጣሪያውን እንጨት ሲያበሰብስና ማሽኑን ሲያዝግ ሁለት ክረምት ይበቃዋል። ቢያንስ ጣሪያውና የውሃ መውረጃው አስቀድመው መጠገን አለባቸው፤ ቃል የመቅረጹ ሥራ በዚያው ጊዜ ጎን ለጎን መሄድ ይችላል።

ስለ ጣሪያ ካነሣሁ አይቀር አንድ ብዙ ሰው የማያስተውለውን ነገር ልጥቀስ። የቆዩ የፈትልና የሽመና አዳራሾች በብዙ አገር እንደ መጋዝ ጥርስ የተደረደረ ጣሪያ አላቸው፤ የጥርሱ ቀጥ ያለ ጎን መስታወት ሆኖ ወደ ሰሜን ያያል። በአውሮፓ ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ስለምትሄድ የሰሜኑ መስታወት ዓመቱን ሙሉ ለስላሳና ጥላ የማይጥል ብርሃን ያስገባል። እኛ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ10 ዲግሪ በታች ነን። ከሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት ጀምሮ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ድረስ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩላችን ታልፋለች። እንዲህ ያለ ጣሪያ እኛ ዘንድ ሙዚየም ቢሆን በግንቦት ወር ፀሐይ በቀጥታ ገብታ ሱፉ ላይ ታርፋለች። ለሠራተኛ የሚስማማ ብርሃን ለቀለም ጠላት ነው፤ ሙዚየሞች ለጨርቅና ለፈትል የሚፈቅዱት ብርሃን በብርሃን መለኪያ 50 ሉክስ ያህል ብቻ ሲሆን፣ በከፍታችን ምክንያት ደግሞ የፀሐይዋ ጨረር ከቆላው የበረታ ነው። ስለዚህ ከውጭ የምንቀዳው ንድፍ ካለ ፀሐይዋን ከእኛ ሰማይ ላይ ለክተን መቅዳት ይኖርብናል። መፍትሔው ውድ አይደለም፤ ማሽኖቹ በብርሃኑ ሥር ይቆዩ፣ ጨርቁና ፈትሉ ደግሞ መስኮት በሌለው የመጋዘን ክፍል ይቀመጡ።

ሌላው የሚያሳስበኝ ቀናነት የተሞላበት ጥፋት ነው። በደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን በ1920ዎቹ የተሠራ የእህል ጎተራ በ2017 የሥነ ጥበብ ሙዚየም ሲሆን፣ እህሉ ይከማችባቸው የነበሩት ረጃጅም የሲሚንቶ ቧንቧዎች ከውስጥ ተቆርጠው እንደ ካቴድራል ያለ ሰፊ አዳራሽ ወጣላቸው። ያማረ ሥራ ነው፤ ባዶ ጎተራ ስለነበረም ቦታው ያስኬዳል። በሱፍ አዳራሽ ላይ ግን ይህን ብናደርግ የማሽኖቹን አሰላለፍ እናጠፋለን። ሱፉ ከየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ የሚናገረው ያ አሰላለፍ ነው። አንድም ማሽን ከመነቃነቁ በፊት ወለሉ ላይ ያለው ቦታ ተለክቶ በወረቀት ይስፈር።

ጡረተኛው ፈታይ፦

ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው፤ እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል።

ለሃያ ስምንት ዓመት የሱፍ መፍተያ ላይ ሠርቻለሁ። የበሬሳ ዳር ማሽኑን በጆሮው የሚያውቅ ሰው ያልከው እውነት ነው። በመቶ የሚቆጠር እንዝርት በአንድ ጊዜ ሲዞር የሚሰማው ድምፅ አንድ ወጥ ጉርምርምታ ነው፤ ኩሽኔታው ግራሶ ሲጠማው ጉርምርምታው ውስጥ ቀጭን ፉጨት ይገባል። አዲስ ሠራተኛ አይሰማውም። እኛ ግን ፊታችንን አዙረን ስንነጋገር እንኳ ፉጨቱ ከየትኛው ረድፍ እንደመጣ እናውቅ ነበር።

ደግሞ የበጋው ነገር አለ። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት አየሩ ሲደርቅ ሱፉ ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ ክሩ ከሮለሩ ጋር ይጣበቃል፣ እርስ በርሱም እየተገፋፋ ይበጠሳል። በዚያ ጊዜ ወለሉን ውሃ እንረጨው ነበር። ጠዋት ስንገባ ማንም ሳያዘን ባልዲ እናነሣለን። ይህ በየትኛውም የማሽን መጽሐፍ ላይ አልተጻፈም፤ ማሽኑን የሠሩት ሰዎች የኛን በጋ አያውቁትም።

አሁን አንድ የሚያሳዝነኝን ልንገራችሁ። በአንድ ወቅት እሠራበት በነበረ ቦታ፣ ስሙን አልጠራም፣ ግቢው ይጽዳ ተባለና አሮጌው ማበጠሪያ ማሽን ተፈታትቶ በኪሎ ተሸጠ። ማሽኑ አርጅቷል፤ መሸጡን አልቃወምም። ከማሽኑ ጋር ግን የጥገና መዝገቦቹ አብረው ሄዱ። በእነዚያ መዝገቦች ላይ ከእኔ በፊት የነበሩት ሰዎች የእጅ ጽሑፍ ነበር፤ የትኛው ማርሽ መቼ እንደተሰበረ፣ መለዋወጫ ሲጠፋ ከምን ብረት ቀርጸው እንደተኩት ሁሉ ተጽፎ ነበር። ቆራሌው በጆንያ ጨምሮ ወሰዳቸው። አንዱን እንኳ ሳልወስድ መቅረቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ጠባሴ፦

ሐሳቡን አከብራለሁ፤ የአባታችንንም ምስክርነት በአክብሮት አንብቤያለሁ። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ታልፏል። ከተማችን ሥራ ፈላጊ ወጣት የሞላባት ናት፤ ከቀዬው የተፈናቀለ ወገናችንም በመጠለያ ይኖራል። አንድ ሰፊ አዳራሽ ባዶ ከሆነ ሥራ የሚፈጥር ሰው ቢከራየው አይሻልም ወይ? ሙዚየም ተከፍቶ በዓመት ሁለት ጊዜ ተማሪ በሰልፍ ገብቶ የሚወጣበት፣ የቀረውን ጊዜ ዘበኛ ብቻ የሚቀመጥበት ቤት ብዙ አይተናል። ይህን የምለው ለመቃወም አይደለም። ለሚመለከተው አካል ሐሳቡ ሲቀርብ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይኸው ስለሆነ ነው።

የበሬሳ ዳር፦

ወንድሜ ጠባሴ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው፤ በመጀመሪያው ጽሑፌ ላይ አለማንሣቴም ጉድለት ነው። መልስ የሚሆነኝን ያገኘሁት ከደርቢ ሳይሆን ከዌልስ ነው። ድሬ ፋክ ፌሊንድሬ በምትባል መንደር ካምብሪያን የተባለ የሱፍ ፋብሪካ ነበረ፤ በ1976 ሙዚየም ሆነ፣ እንደገና ተሻሽሎ ደግሞ በ2004 ተከፈተ። በዚያ ግቢ ውስጥ ሙዚየሙ ብቻ አይደለም ያለው፤ ለገበያ የሚያመርት የሱፍ ሽመና ድርጅትም ለዓመታት አብሮ ሠርቷል። ጎብኚው ከላይ ሆኖ ሸማኔውን እየሠራ ያየዋል፤ ሲወጣም ያየውን ጨርቅ ሊገዛ ይችላል። መንደሪቱ ከደብረ ብርሃን እጅግ ያነሰች ናት።

እንግዲህ ሥራና ሙዚየም እንደ ባላንጣ መታየት የለባቸውም። ከአዳራሹ ግማሹ በኪራይ ለወጣት ሸማኔዎችና ለልብስ ሰፊዎች ቢሰጥ፣ ኪራዩ የጣሪያውን ጥገና ይሸፍናል፤ ጎብኚውም ሕይወት ያለው ነገር ያያል። አዲስ አበባን ከደሴ በሚያገናኘው መንገድ የሚያልፈው መንገደኛ ቀድሞውንም ከተማችን ላይ ይቆማል። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነን፤ ይህ ደርሶ ለመመለስ አንድ ቀን የሚበቃው ርቀት ነው። ወደ አንኮበር የሚሄደውም በእኛ በኩል ያልፋል።

የጣርማ በርን እርማት ተቀብያለሁ። ጣሪያው ይቅደም፤ ቃል መቅረጹም በዚያው ሳምንት ይጀመር።

የመሐል ሜዳ ልጅ፦

ውይይታችሁን ከመንዝ ሆኜ ስከታተል ቆይቻለሁ። አንድ ነገር ግን ቅር አሰኝቶኛል። ሁላችሁም ታሪኩን የምትጀምሩት ከማሽን ነው። እኛ ዘንድ ሱፍ ማሽን ከመምጣቱ እጅግ ቀድሞ ነበረ። ወፍራም የሱፍ ልብስ የሆኑት ባናውና ዝተቱ፣ እረኛው በብርድና በዝናብ የሚደርበው በርኖስ፣ ይህ ሁሉ ከመንዝ በግ ጠጉር የተሠራ ነው። እናቴ እሳት ዳር ተቀምጣ በእንዝርት ስትፈትል፣ አባቴ ደግሞ ከእርሻ በተረፈው ጊዜ ሲሸምን ነው ያደግሁት። ማታ ማታ ወሬው፣ ተረቱ፣ ምርቃቱ ሁሉ በዚያ እንዝርት ዙሪያ ነበር።

ስለዚህ ሙዚየሙ የፋብሪካ ብቻ ከሆነ ግማሽ ይሆናል። ጥያቄ እንዲሆን እንጂ ለመውቀስ አልልም፤ ፋብሪካውና የመንዝ በግ ያልተስማሙት ለምንድን ነው? የመንዝ በግ ላቱ የሰባ፣ ብርድን የሚችል፣ ጥቂት ሣር የሚበቃው ነው፤ ጠጉሩ ግን ሸካራና ረጅሙ ከአጭሩ የተቀላቀለ ነው። ለባና ይህ ሸካራነት ጥቅም ነው። የፋብሪካ ማሽን ግን ወጥ የሆነ ለስላሳ ጠጉር ይፈልጋል። ደብረ ብርሃን ላይ የበግ ማዳቀያ ማዕከል ሲቋቋም ኮሪዴል የሚባሉ በጎች ከውጭ የመጡት አለምክንያት አልነበረም። ይህ ታሪክ፣ ማለትም አገሬው በግ ከማሽኑ ጋር ያደረገው ሙግት፣ ለእኔ ከማንኛውም የዓለም ማሽን የበለጠ ለመታየት የሚገባው ነው። በጉ በረት ውስጥ ቆሞ፣ ጠጉሩ በአንድ እጅ የመንዝ፣ በሌላው እጅ የኮሪዴል ሆኖ ሕፃናት እየዳሰሱ ልዩነቱን ቢያውቁት እንዴት ደስ ባለኝ።

ሌላም አለ። ሸማኔን የሚያዋርድ ስድብ በአገራችን እንደነበረ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እዚሁ አንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ያ አዋጅ በሙዚየሙ መግቢያ ላይ በትልቁ ቢጻፍ፣ ከሥሩም የሴቶቹ የፈታዮቹ ስም ቢዘረዘር እመኛለሁ። ሴቶቹ እስካሁን በዚህ ውይይት ላይ አልተነሡም።

መዝገብ ቤት፦

በአንድ ሙዚየም ውስጥ የዕቃ ክብካቤ ሠራተኛ ሆኜ ለበርካታ ዓመታት አገልግያለሁ። እህታችን ከመሐል ሜዳ ያነሣችው ሐሳብ ልቤን ነክቶታል፤ ስለዚህ ባናና ዝተት ከየቤቱ ሲሰበሰብ ሊመጣ ስለሚችል አደጋ ላስጠንቅቅ።

አደጋው ብል ነው። የብል ትል የሚመገበው ሱፍ፣ ጠጉርና ላባ ነው፤ ብርሃን የማይደርስበትንና የማይነካካውን ቦታ ይወዳል። አንድ የተበላ ባና ሳይታወቅ ወደ መጋዘን ቢገባ በጥቂት ወራት ውስጥ የቀረውን ሁሉ ያዳርሰዋል። በሽታው ግን መድኃኒት አለው፤ መርዝም አያስፈልገውም። ወደ ሙዚየሙ የሚመጣ ማንኛውም የሱፍ ዕቃ በላስቲክ ታሽጎ፣ አየሩ ወጥቶለት፣ ሥጋ ቤቶች በሚጠቀሙበት ዓይነት ትልቅ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ሁለት ሳምንት ይቆይ። ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ የሚደርስ ማቀዝቀዣ ከተገኘ ሦስት ቀን ይበቃል። ከወጣ በኋላ ላስቲኩ ወዲያው እንዳይከፈት፤ ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪመለስ ካልተጠበቀ ጤዛ ይይዘውና ይሻግታል። የደብረ ብርሃን ውርጭ ይበቃዋል ብሎ ዕቃውን ደጅ የሚያሳድር ሰው እንዳይኖር አደራ እላለሁ፤ ውርጩ ለብሉ እንቁላል ምኑም አይደለም።

ሁለተኛው የውሃ ጉዳይ ነው። የበሬሳ ዳር ያነሣው የደርቢ ሙዚየም ወንዝ ዳር በመሆኑ በጥቅምት 2023 በደረሰ ጎርፍ ምድር ቤቱ ተጥለቅልቆ ለጊዜው ለመዘጋት ተገድዷል። የስብስቡ ዕቃ ከላይ ፎቅ ላይ መቀመጡ ግን ጠቅሞታል። የእኛም አሮጌ ፋብሪካዎች ውሃ ስለሚፈልጉ ብዙ ጊዜ ከወንዝ አይርቁም። ቦታ ሲመረጥ የክረምቱ ውሃ እስከ የት እንደሚደርስ ካርታ ከማየት ይልቅ የሰፈሩን ሽማግሌ መጠየቅ ይሻላል።

ሦስተኛው አስተዳደራዊ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን መጠገን በቅርስ ባለሥልጣኑ ቅድሚያ ፈቃድ እንዲሆን ያዛል። ችግሩ በእኛ ዘንድ ቅርስ ሲባል ቤተ ክርስቲያን፣ ቤተ መንግሥትና ብራና እንጂ የፋብሪካ አዳራሽ ለማንም አይታየውም። ድሬዳዋ ያለው የምድር ባቡሩ ጋራዥ ባቡሮቹና መሣሪያዎቹ እንደያዘ ለጎብኚ በመትረፉ ብቻ ስንት ነገር እንደሚያስተምር የሄደ ሰው ያውቃል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ አዳራሹ በቅርስነት እንዲመዘገብ ለወረዳውና ለዞኑ የባህል ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ጥያቄ ይቅረብ። ካልተመዘገበ ነገ ባለቤቱ ቢያፈርሰው የምንከራከርበት ወረቀት አይኖረንም።

ጠባሴ፦

የዌልሱ ምሳሌ ሐሳቤን ለውጦታል ብል አላጋነንኩም። ግማሹ አዳራሽ የሚሠራበት ከሆነ እኔም ከደጋፊዎቹ ነኝ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ለወጣቶቹ የሚሰጠው ውል ከአምስት ዓመት ያላነሰ ይሁን። በየዓመቱ ልትነሡ ነው የሚባል ሰው የሽመና ዕቃ አይተክልም። የምዝገባውን ደብዳቤ ረቂቅ እኔ አዘጋጃለሁ፤ መዝገብ ቤት ቢያርሙልኝ ደስ ይለኛል።

የመሐል ሜዳ ልጅ፦

እኔ ከዚህ አካባቢ አሁንም የሚፈትሉ እናቶችን አነጋግሬ፣ ፈቃደኛ የሆኑትን በስልኬ እቀርጻለሁ። የዕቃዎቹ ስም ከቀበሌ ቀበሌ ስለሚለያይ፣ በመጻሕፍት ያለውን ቃል ሳይሆን እነሱ የሚሉትን እንዳለ እጽፋለሁ።

ጡረተኛው ፈታይ፦

ልጆቼ፣ ነገሩ ወደ ሥራ በመዞሩ ደስ ብሎኛል። እኔን ለመቅረጽ የምትመጡ ከሆነ ቤቴ ውስጥ አታስቀምጡኝ፤ ወንበር ላይ ተቀምጬ ብጠየቅ ግማሹን እረሳዋለሁ። አዳራሹ ከተፈቀደ ማሽኑ ፊት አቁሙኝ። አብረውኝ ይሠሩ ከነበሩት አራት ሰዎች በሕይወት አሉ፤ አንዷ ክር በመቀጠል ከሁላችንም ትፈጥን የነበረች ሴት ናት፤ እሷንም ጥሩልኝ። የሚቀርጸው ልጅ ደግሞ በስተግራ በኩል ይቁም። ማሽኑ የሚነሣ ከሆነ የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ በቀኝ በኩል ነው፤ ጋቢም ነጠላም ለብሶ በዚያ በኩል እንዳይጠጋ አስቀድማችሁ ንገሩት።